ዛንዚባር ላይ ለፎቶ ብለን የተከራየናት ጀልባ (እና ጨረቃ ቆጥሮ የሚቀጥር ካፒቴን)

ሰላም ናችሁ። ከዛንዚባር ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ፎቶዎቹን መርጬ የጨረስኩት ግን ገና ትናንት ማታ ነው። ስለ ሆቴል አልጽፍም፣ ስለ ሆቴል የጻፈ ሰው ሞልቷል። የምጽፈው ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ) ተነስቶ መጀመሪያ ናኩፔንዳ ወደምትባለው ባህር መሀል ያለች የአሸዋ ቁልል፣ ከዛ ደሞ ቻንጉ ወደሚባለው የኤሊዎች ደሴት ስለወሰደን ባለ ጀልባ ነው፣ ምክንያቱም ባህር ሄዶ ጥሩ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ከካሜራውም ከሌንሱም በላይ ወሳኙ ነገር ማን በስንት ሰዓት ይወስደኛል የሚለው እንደሆነ በዚህ ጉዞ ነው ቁርጥ ብሎ የገባኝ።

ነጥቡን ቀድሜ ልናገር፣ ከ5 4 ተኩል። ግማሿ ለምን እንደተቀነሰች ወደታች ታገኙታላችሁ። የካፒቴኑን ስም ግን አልጽፍም፣ ስምህን ልጻፍ ወይ ብዬ አልጠየኩትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር እዛው ሄጄ ነበር፣ ያኔ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ የጉዞ ቢሮ ነው ቲኬት የቆረጥነው። ፎቶ ፓኬጅ ነው አሉን፣ ምሳ አለው አሉን፣ ከፈልን። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ወሰዱን። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ አሸዋው ዓይን ያጠፋል፣ የሁላችንም ፊት ላይ ዓይናችን ስር ጥቁር ጥላ፣ እሱ ሳያንስ ደሞ ውሃው እየሞላ ነበርና የቆምንባት አሸዋ ከስራችን እያነሰች እያነሰች ሄዳ አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ዕቃችንን ጭንቅላታችን ላይ አድርገን ወደ ጀልባው ሮጥን። ቢሮውን ስጠይቅ ባህር ነው ምን እናድርግ አሉኝ። ያኔ አመንኳቸው። ስህተት ነበር፣ ምክንያቱም ባህሩ መቼ እንደሚሞላ መቼ እንደሚጎድል ከወራት በፊት ይታወቃል፣ እዛ ያለ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ ስልክ ላይም በነፃ የሚያሳዩ አፖች አሉ። የሸጡልን ሰዎች ያውቁ ነበር።

ይሄን ትንሽ ላብራራው፣ እኛ ባህር የለንምና ብዙዎቻችን አናውቀውም። እኔ ያደኩት ባህር ዳር ነው፣ ጣና ክረምት ከበጋ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት አይመለስም። ህንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ በመሙላትና በመጉደል መሀል ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው፣ እና ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል ምክንያቱም የሚከተለው ጨረቃን ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይበረታል፣ ዛንዚባር ላይ ወደ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ደሞ ይቀንሳል። እነሱ የሚበረታውን ባምቩዋ ይሉታል። በምሥራቅ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ ውሃው ሲሸሽ በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ተነስታችሁ ሰማያዊ ባህር ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ ስትወጡ ባህሩ የለም፣ እርጥብ አሸዋና ጋደል ብለው የተኙ ጀልባዎች ናቸው ያሉት። (እሱም በራሱ ፎቶ ነው፣ አሸዋው ላይ የቀረው ውሃ እንደ መስታወት ሰማዩን ያሳያል፣ ግን አውቃችሁ ስትሄዱለት ነው።)

አሁን ወደ ጀልባው። ዘንድሮ በጥር የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ከቦሌ ቀጥታ ሲሆን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው በረራው። እናቴ ባህር አይታ አታውቅም፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፣ ታላቅ ወንድሟ በ1974 ዓ.ም ምጽዋ ወታደር እያለ የላከላት፣ ከኋላው ባህሩ ይታያል፣ ውሃው ቦግ ብሏል፣ ሰማዩ ነጭ ነው፣ የሱ ፊት ግን ጥቁር ብቻ ነው፣ ዓይኑ እንኳን አይለይም። ከዛ በኋላ አልተመለሰም። ሌላ ፎቶም የለውም። ልጅ ሆኜ እማዬ ፊቱ ለምን አይታይም ስላት ፀሐይ መትቶት ነው ትለኝ ነበር። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ በኋላ ነው ምን እንደተፈጠረ የገባኝ፣ ያነሳው ሰው ለውሃውና ለሰማዩ ለክቶ የሰውየውን ፊት ጨለማ ውስጥ ትቶት ነው። እና ይሄን ጉዞ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፣ እናቴ ከኋላዋ ባህር ኖሮ ፊቷ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ።

ካፒቴኑን ያገኘነው ስቶን ታውን ዳር ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ፊት ለፊት ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ነው። ብዙ ሰው ይጠራችኋል እዛ፣ ናኩፔንዳ ናኩፔንዳ ይላሉ (ቃሉ በስዋሂሊ እወድሃለሁ ማለት ነው፣ እናቴ ስነግራት ሰው በጠዋቱ እንዲህ ይባላል ወይ አለች)። ሁሉም ስንት ሰው ናችሁ ምሳ ትፈልጋላችሁ ነው የሚሉት። እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ለዋና ነው ወይስ ለፎቶ ነው ብሎ ነው። ለፎቶ ስለው ሰማዩን አየት አደረገና ዛሬ አይደለም ነገ አይደለም ከነገ ወዲያ አለኝ። ገንዘቡን እዛው ሊቀበለኝ ይችል ነበር፣ ሌሎቹ ይሄው አሁን እንሂድ እያሉኝ ነበር። ከነገ ወዲያ ለምን ስለው ጨረቃ ነገ ትሞላለች፣ በማግስቱ ሌሊት ውሃው ሞልቶ ያድርና ጠዋት አሸዋዋ ከውሃ ውስጥ ስትወጣ እንደርሳለን፣ ማንም አልረገጣትም አለኝ። እዚ ጋ ነው ልቤን የወሰደው፣ ፎቶ አንሺ ያልሆነ ሰው እግር ያልረገጠው አሸዋ ለፎቶ ምን ማለት እንደሆነ ሲያውቅ።

በስንት ሰዓት ስለው ደሞ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። አብሮት ያለው ልጅ ቶሎ ብሎ በእንግሊዝኛ ስድስት ሰዓት ማለቱ ነው ብሎ ሊተረጉምልኝ ሲል አውቃለሁ እኛም እንደዛ ነው የምንቆጥረው አልኩት። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት ይላሉ። ካፒቴኑ አላመነኝም፣ የእናቴን የእጅ ሰዓት አሳየሁት፣ እሷ ሁልጊዜ በኛ አቆጣጠር ነው የምትሞላው፣ አየውና በጣም ነው የሳቀው፣ ከዛ በኋላ ከእናቴ ጋር ያለኔ ነው የሚግባቡት፣ እሷ በአማርኛ እሱ በስዋሂሊ፣ ሰዓት ደቂቃ ሻይ ስኳር የሚሉት ቃላት ላይ እየተገናኙ። ግን ተጠንቀቁ፣ ከቱሪስት ጋር የለመዱት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚነግሯችሁ ሁልጊዜ የማን ሰዓት ነው ብላችሁ አጣሩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንደርስ እሱ ቀድሞን ቆሟል። ገና ጨለማው አልለቀቀም። እናቴ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የመጣችው፣ ባህሩን ለማየት ነው በደንብ ለብሼ መምጣት አለብኝ አለችኝ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ጀልባው መሰላል የለውም፣ ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ካፒቴኑና ረዳቱ የፕላስቲክ ወንበር ውሃው ውስጥ ተክለው ማማ ማማ እያሉ ደግፈው አሳፈሯት። ላይፍ ጃኬት ነበር ግን ያለው የትልቅ ሰው ሰፊ ብቻ ነው፣ እሷ ቀጭን ናት፣ ማሰሪያው እስከመጨረሻው ተስቦም ላላ ብሎባታል። ግማሿ ነጥብ እዚ ጋ ነው የሄደችው፣ ልጅ ወይም ቀጭን ሰው ይዛችሁ ከሆነ ከዋዜማው ጀምራችሁ ልክ የሚሆን አምጣ በሉት፣ ስነግረው ለወደፊት እገዛለሁ ብሎኛል።

መንገዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስቶን ታውን ያለችው በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከከተማው ጀርባ ነው፣ እና ከባህሩ ላይ ሆናችሁ ወደኋላ ስታዩ የድሮው ምሽግ፣ የካቶሊኩ ካቴድራል መንታ ጉልላቶች፣ በ2020 (በፈረንጆች) ከፊሉ የፈረሰው ቤት አል አጃኢብ (የድሮው የሱልጣን ቤተ መንግሥት)፣ ሁሉም በጥላ ተስሎ ከኋላው ሰማዩ ብርቱካንማ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ስቶን ታውንን ፎቶ የሚያነሳው ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከባህር ዳርቻው ሆኖ ወደ ባህሩ ነው፣ ከባህሩ ወደ ከተማው ጠዋት ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ካፒቴኑ ሳልጠይቀው ሞተሩን አጥፍቶ ቆመልኝ። ሞተር ሲጠፋ ሁለት ጥቅም አለው፣ ንዝረቱ ይቆማል፣ ጭሱም ከፊት ለፊታችሁ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ጀልባ ይወዛወዛል፣ ክርናችሁን ጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፉ፣ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ካሜራው ነው የሚያስገባው፣ በወገባችሁ ነው ሚዛን መጠበቅ፣ የሹተር ፍጥነቱንም (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ብርሃን ከፈቀደ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ አካባቢ አድርጉት። አድማሱ ደሞ ይጋደላል፣ የባህር ፎቶ ላይ አድማስ ከተጋደለ ውሃው የሚፈስ ነው የሚመስለው፣ ካሜራውም ስልኩም ላይ ያለውን የመስመር ፍርግርግ አብሩት።

ናኩፔንዳ ጋ ስንደርስ ምንም የለም። ውሃ ነው። እናቴ የታለ አሸዋው አለች። ካፒቴኑ መልህቅ ጥሎ ከፔርሙዝ ዝንጅብል ያለው ሻይ ቀዳልንና ዝም ብለን ጠበቅን። 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ መጀመሪያ የውሃው ቀለም ተለወጠ፣ ከዛ አንድ ነጭ መስመር ወጣ፣ እንደ አጥንት ቀጭን፣ እያየነው ሰፋ። እናቴ አፏን ይዛ በስመአብ አለች። ረዳቱ ልጅ ዘሎ ሊወርድ ሲል ካፒቴኑ ያዘው፣ መጀመሪያ ፎቶ አለው። ያ አሸዋ ላይ የሰው ኮቴ ሳይኖር ውሃው ያሰመረው መስመር ብቻ እያለ ያነሳሁትን ሌላ ቦታ አግኝቼ አላውቅም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመታ እያንዳንዱ የአሸዋ ሞገድ ጥላ አለው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ያ ሁሉ ጠፍጣፋ ነጭ ነው የሚሆነው። እና ይሄ ብርሃን አይቆይም፣ ዛንዚባር ከምድር ወገብ በታች ወደ 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ 2 ሰዓት ከ30 ሲሆን አልቋል።

ከዛ እናቴን አወረድናት። ባዶ እግሯን ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ ዘግና ቀመሰችው። እውነትም ጨው ነው አለች፣ ልክ ወንድሟ እንደነገራት። ብዙ ጊዜ አላወራችም።

ስለ ፎቶው ልንገራችሁ፣ ይሄን ለሁላችንም ጠቃሚ ነው ብዬ ነው ጠለቅ የምለው። ካሜራ ነጭ ነገር ሲያይ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚሞክረው፣ ልኬቱ የተሰራው እንደዛ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ነጭ ሰማይ፣ ነጭ ነጠላ ሲደራረብ ኦ በጣም በርቷል ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ አሸዋው ቆሻሻ ግራጫ ይሆናል፣ የጠይም ሰው ፊት ደሞ ጭራሽ ይጠፋል። የአጎቴ ፎቶ የሆነው እሱ ነው። ካሜራ ካላችሁ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶው ምን ያህል ይብራ የሚለውን ማስተካከያ) ወደ ፕላስ 1 ውሰዱት፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ፣ ስልክ ከሆነ የሰውየውን ፊት ነካ አድርጋችሁ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደላይ ግፏት። ሰማዩ ነጣ ይላል፣ ይንጣ። ሰማይ ሁሌ አለ። ደሞ ሰውየውን ፀሐይ ፊት ለፊት አታቁሙት፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፀሐይዋን ከኋላ ወይም ከጎን አድርጉና አሸዋው ራሱ ብርሃኑን ከታች ወደላይ መልሶ ፊቱን ያበራዋል፣ ስቱዲዮ ውስጥ በሪፍሌክተር የምንሰራውን እዛ አሸዋው በነፃ ይሰራዋል። እናቴን ጀርባዋን ለፀሐይዋ ሰጥታ አቆምኳት፣ የነጠላው ጥለት ቀለሙ ፍክት አለ፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን ገባ፣ ፊቷ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ታየ። አርባ ያህል አነሳሁ። የወደድኩት ግን ፎቶ እያነሳሁ እንደሆነ ረስታ ወደ ውሃው ስታይ የተገኘው ነው።

3 ሰዓት ላይ የቡድን ጀልባዎቹ መምጣት ጀመሩ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ስፒከር ተከፈተ፣ ከሰል ተያያዘ። እኛ የምንፈልገውን ጨርሰናል። ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጥቀስ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቀያይ ኮከብ ዓሣዎች አሉ፣ ከሌላ ጀልባ የመጣ አስጎብኚ እያወጣ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣል፣ ሰዉ ፎቶ ይነሳል። ኮከብ ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ነው፣ ማውጣት ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። እኛ አጠገብ የነበሩ ሰዎች ካፒቴናችንን አንድ አውጣልን ሲሉት ሃፓና አለ፣ አይሆንም፣ ፎቶ ከፈለጋችሁ እሱ ያለበት ድረስ ጎንበስ በሉ አላቸው። እኔም እንደዛ ነው ያነሳሁት፣ ውሃው ረግቶ ስለነበር ከላይ ፖላራይዘር ፊልተር አድርጌ፣ ነጸብራቁ ሲጠፋ ውሃ ያለ ሁሉ አይመስልም።

ፖላራይዘር ካነሳሁ አይቀር፣ ለባህር አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሱን ነው የምላችሁ። የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ ነጸብራቁ የሸፈነውን ቀለም ያወጣዋል፣ በኤዲቲንግ ልታመጡት የማትችሉት ነገር ነው። ቀለበቱን እያዞራችሁ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው የሚስተካከለው፣ ፀሐይዋ በቀኛችሁ ወይ በግራችሁ ስትሆን ይበረታል። ሰፊ ሌንስ ላይ ግን ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ ግማሹን ፈዛዛ ያደርገዋል፣ እዛ ላይ አውልቁት። ደሞ አንድ እውነት አለ፣ ያ ሁላችሁም የምታውቁት አረንጓዴ ሰማያዊ የፖስትካርድ ቀለም ማለዳ አይገኝም፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ብርሃኑ እስከ ነጩ አሸዋ ወርዶ መመለስ አለበት። ስለዚህ ለፊት ማለዳ፣ ለውሃ ቀለም ረፋድ። ካፒቴኑ ይሄንንም ያውቃል፣ መጀመሪያ አሸዋዋ ጋ ወስዶን በረፋድ ደሞ ቻንጉ፣ ሲመልሰን 5 ሰዓት ላይ ጥልቀት በሌለው በኩል አዙሮን ነው የመጣው፣ ውሃው መስታወት ነበር፣ አንድ ንጋላዋ (የነሱ ባህላዊ ባለ ሸራ ጀልባ) ሸራውን ዘርግቶ ሲያልፍ ጥላው ባህሩ ወለል ላይ ይታያል፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው የሚመስለው።

ቻንጉ ላይ ብዙ አልቆይም። እስር ቤት ተብሎ ተሰርቶ እስረኛ ያልገባበት ህንፃ አለ፣ በኋላ የበሽታ ማቆያ ሆኗል። ዋናው ግን ከሲሸልስ በ1919 (በፈረንጆች) በስጦታ ከመጡ አራት ኤሊዎች የተጀመሩት ግዙፎቹ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ቅርፊታቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። እናቴ አንዱ ላይ ከመቶ በላይ ተጽፎ አይታ ከናቴ ይበልጣል ብላ ቅጠል አበላችው። ከላይ ቆማችሁ አታንሱ፣ መሬት ላይ ተኙና በሱ ዓይን ልክ አንሱ፣ ዛፍ ስር ስለሆኑ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ላያቸው ላይ አትቀመጡ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዓርብ ስለነበር እናቴ ፆም ናት፣ ለሷ ማንጎ አናናስና ኮኮናት ነው የጫኑላት፣ ስለነገርናቸው ወተትና እንቁላል ያለበት ነገር አላመጡም። ለኔ አንድ ዓሣ ጠብሰዋል፣ ጥሩ ነበር፣ ሎሚው ላይ ለጋስ ናቸው።

ስለ ዕቃ አያያዝ። ጨው ጠላት ነው። የባህር ጭጋጉ ሳይታያችሁ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል፣ በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁት ትጭሩታላችሁ፣ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አንስቶ ከዛ ማድረቅ ነው፣ የካሜራውን አካልም ማታ ማታ እንደዛው። ጀልባ ላይ ሌንስ አትቀይሩ፣ ከመሬት ወስናችሁ ውጡ። ካፒቴኑ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ነጭ ባልዲ አለው፣ ቦርሳዬን እዛ ውስጥ ከቶ ነው ያመላለሰልኝ፣ አንዴ ማዕበል ረጨን፣ ባልዲው ውስጥ ጠብታ አልገባም። ኤሲ ካለበት ክፍል በቀጥታ ሲወጡ ሌንሱ ላብ ያልበዋል፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አይታይም፣ እኛ በወጣንበት ቀን ከመነሳታችን ግማሽ ሰዓት በፊት ቦርሳውን ሳልከፍት በረንዳ ላይ አስቀምጬው ነው የዳነው። ስልክ አይፒ 68 ነው (ውሃ አያስገባም የሚለው ደረጃ) ብላችሁ ባህር ውስጥ አታስገቡት፣ ያ ፈተና የሚደረገው በንጹህ ውሃ ነው። የስልክ ውሃ መከላከያ ከረጢት ከገዛችሁ ስልኩን ሳትከቱ መጀመሪያ ሶፍት ውስጡ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ሳፋ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሶፍቱ ከረጠበ ጣሉት። ውሃ ስር ደሞ ስክሪኑ አይታዘዝም፣ ማንሳት በድምፅ ቁልፉ ነው።

ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፣ እዛ የተከለከለ ነው፣ ለካሜራ ሽፋን ብላችሁም ቢሆን። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ሲመለሱም ቦሌ ላይ ፈቃድ ከሌላችሁ ያስቀሩባችኋል፣ እኔ ትቼው ነው የሄድኩት። ከጥቅምት 2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ ደሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የሚከፈልበት የራሳቸው ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሰው ፎቶ ስታነሱ ጠይቁ። አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ጨዋ ሕዝብ ነው፣ ፓጄ በኩል ባህር ውስጥ ጎንበስ ብለው የባህር ሳር የሚያለሙ ሴቶች አሉ፣ ካሜራ ደግነው በላያቸው የሚሄዱ ቱሪስቶች አይቼ በጣም ነው የከፋኝ። ናኦምባ ኩኩፒጋ ፒቻ ካላችሁ ፎቶ ላንሳሽ ወይ ማለት ነው። አንዷ እናት ሃፓና አለችኝ፣ ካሜራዬን ዘግቼ ሰላም ብያት አለፍኩ፣ ሌላዋ እሺ ብላ ኢንዲያውም ገመዱ እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ።

ዋጋው ለኛ ለሁለታችን ጀልባዋ ብቻችንን 60 ዶላር፣ የቻንጉ መግቢያ ለብቻ። ከቡድን ጉዞ ይወደዳል፣ ሰው ከተካፈላችሁት ግን ያን ያህል አይደለም። ሌላ ቅሬታ ካላችሁኝ ጥላ የለውም ጀልባው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትከብዳለች፣ እናቴን በነጠላዋ ነው የሸፈንናት፣ ትልልቅ ሰው ከያዛችሁ ጃንጥላ ያዙ። መሰላል የለም ብያለሁ።

የእናቴን ፎቶ አሳትሜ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ ከወንድሟ ፎቶ ጎን። እኔ ራቅ አድርጌ ልሰቅለው ነበር፣ እሷ አይ አጠገቡ አለች፣ መዶሻውን ራሷ ነው የያዘችው።

ለካፒቴኑም ከሞተሩ ጎን ቆሞ ያነሳሁትን አንድ ልኬለታለሁ፣ ሃያ ዓመት ጀልባ ላይ ስሰራ ቱሪስቶቹን ሁሉ እኔ ነኝ የማነሳው፣ ባህር ላይ ሆኜ ፊቴ የሚታይበት ፎቶ ኖሮኝ አያውቅም ነበር ያለኝ። አሁን የዋትሳፕ ፕሮፋይሉ ያ ነው። መስከረም ላይ እህቶቼን ይዤ ልመለስ ነው ዋጋው ስንት ነው ብዬ ስጽፍለት ዋጋ አልመለሰልኝም፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የጻፈልኝ፣ ጨረቃ የምትሞላበትንና በማግስቱ ያለውን፣ ከስሩ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ ብሎ። የሁለተኛው ቀን ቲኬት ላይ ነኝ አሁን።